አርየ ሻሮን፦ ከቤቱ በፊት ከተማውን ያሰቡ ሰው

አንድ ቤተሰብ ቤት ሲሰጠው ወይም በማሽካንታ ሲገዛ አስቀድሞ የሚያየው ክፍሎቹን ነው። ስንት መኝታ ቤት አለው? ኩሽናው ይበቃል ወይ? ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ብሎ ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቤቱ ያለበት ከተማ ለምን እዚያ ቦታ ተቆረቆረ? ለሥራ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱና አውቶቡሱ አብረው ታስበዋል ወይ? የሚል ነው። ይህን የሚወስነው ግንበኛው አይደለም። ግንበኛው ሲሚንቶ ከማቡካቱ ከብዙ ጊዜ በፊት በካርታ ላይ መስመር ያሰመረ ሰው አለ።

በእስራኤል አገር የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የግንባታ እቅድ ያዘጋጁት ሰው አርክቴክት አርየ ሻሮን ይባላሉ። ከጄኔራሉና ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከአሪኤል ሻሮን ጋር መምታታት የለባቸውም። አሪኤል ሻሮን ከ1990 እስከ 1992 የቤቶች ሚኒስትር ስለነበሩና ካራቫን ያስመጡትም እሳቸው ስለሆኑ የስሙ መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። አርየ ሻሮን ግን የፖለቲካ ሰው አልነበሩም፤ ንድፍ አውጪ ነበሩ። ዛሬ ታሪካቸውን የምንተርክላችሁ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ከተሞች ከእሳቸው እቅድ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከንብ ቀፎ እስከ በረት

አርየ ሻሮን በ1900 ያሮስላው በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ያን ጊዜ በኦስትሪያና ሃንጋሪ መንግሥት ሥር በነበረው የጋሊሲያ ክፍለ አገር ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የምትገኘው በፖላንድ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሉድቪግ ኩርዝማን ሲሆን፣ አርየ ሻሮን የሚለውን የዕብራይስጥ ስም የያዙት ወደ እስራኤል ምድር ከገቡ በኋላ ነው።

በወጣትነታቸው ሃሾሜር ሃጻዒር በተባለው የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር ውስጥ ገቡ። በ1920 ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው እንግሊዞች ያስተዳድሩት ወደነበረው አገር ደረሱ። እንደዚያ ዘመን ወጣቶች ሁሉ በእርሻና በቀን ሥራ ተሰማርተው ከቆዩ በኋላ፣ ጋን ሽሙኤል በተባለው ኪቡጽ ከመሥራቾቹ ጋር ተቀመጡ። በዚያም የተሰጣቸው ሥራ ንብ ማነብ ነበር።

ንብ አናቢው ቀፎ መሥራት ነበረበት። ቀፎ የሠራ እጅ ደግሞ በረት እንዲሠራ ተጠየቀ። በረቱ ካለቀ በኋላ የሰው መኖሪያ ተራ ደረሰ። በዚህ አኳኋን ወጣቱ ሻሮን የኪቡጹ ግንበኛና ንድፍ አውጪ ሆኑ። ገንዘብ የለም፤ እንጨትና ድንጋይም እንደልብ አይገኝም። ስለሆነም እያንዳንዱ ቤት በትንሽ ወጪ፣ በጥቂት ቀን፣ ለብዙ ሰው እንዲሆን ሆኖ መሠራት ነበረበት። ይህ ልምድ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አብሯቸው ኖሯል።

ጀርመን አገር የቀሰሙት ትምህርት

ሻሮን ሙያውን በሚገባ ለመማር በ1926 ወደ ጀርመን ሄዱ። የገቡበት ትምህርት ቤት በዴሳው ከተማ የነበረው ባውሃውስ ነው። ባውሃውስ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀ የንድፍ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዋና ኃላፊው ቫልተር ግሮፒዩስ ይባሉ ነበር። የትምህርት ቤቱ እምነት ቀላል ነበር። ቤት ለጌጥ ሳይሆን ለኑሮ ይሠራል፤ ጥሩ ቤትም የሀብታም ብቻ መሆን የለበትም ይሉ ነበር።

ጀርመን ያን ጊዜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመኖሪያ ቤት እጥረት የምትሠቃይ አገር ነበረች። በዴሳው አጠገብ ቶርተን በተባለው ሰፈር፣ ከ1926 እስከ 1928 ባለው ጊዜ፣ ግሮፒዩስ 314 ትንንሽ ቤቶችን በተከታታይ አሠሩ። ሥራው እንደ ፋብሪካ ነበር። አንዱ ቡድን መሠረት ያወጣል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሦስተኛው ጣሪያ ያለብሳል። ለእያንዳንዱ ቤት የአትክልት ቦታ ተሰጥቶት ነበር። ሻሮን በተማሪነታቸው ዘመን ይህ ሁሉ በአጠገባቸው ይካሄድ ነበር።

ከግሮፒዩስ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን የመሩት ሃንስ ማየር ሻሮንን እጅግ አቀረቧቸው። ሻሮን በ1929 ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በበርሊን የማየርን ቢሮ መሩ፤ በበርናው ከተማ ለሠራተኞች ማኅበራት የተሠራውን ትልቅ ትምህርት ቤትም ተቆጣጠሩ። በዚያው ዓመት የባውሃውስ የሽመና ክፍል ኃላፊ የነበረችውን ጉንታ ሽቶልዝልን አግብተው ያኤል የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። ባልና ሚስቱ ግን አብረው ብዙ አልኖሩም። በ1931 ሻሮን ወደ እስራኤል ምድር ሲመለሱ፣ ጉንታ በናዚ ደጋፊዎች ግፊት ከትምህርት ቤቱ ወጥታ ከልጇ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደች። በ1936 ተፋቱ።

የጋራ ግቢ

ሻሮን በቴል አቪቭ ቢሮ ከፈቱ። በ1930ዎቹ ዓመታት ከአውሮፓ የሚሸሹ አይሁዶች በብዛት ስለገቡ የቤት ኪራይ ናረ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቤተሰብ መኖሩ የተለመደ ሆነ። ሂስታድሩት የተባለው የሠራተኞች ማኅበር አባላቱ በኅብረት ገንዘብ አዋጥተው ቤት እንዲሠሩ ያደራጅ ነበር፤ ሻሮንም ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን ነደፉ።

በቴል አቪቭ የተለመደው አሠራር በእያንዳንዱ ትንሽ ቦታ ላይ አንድ ራሱን የቻለ ቤት ማቆም ነበር። በሠራተኞቹ ቤቶች ግን ሕንፃዎቹ በአንድ ሰፊ የጋራ ግቢ ዙሪያ ተደረደሩ። በግቢው ልጆች ይጫወታሉ። መዋዕለ ሕፃናት፣ የልብስ ማጠቢያና ሱቅ ለሁሉም በጋራ ተዘጋጁ። መስኮቶቹ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ እንዲቀበሉ ተደረገ። ዛሬም በፍሪሽማን መንገድ አካባቢ የሚያልፍ ሰው እነዚህን ቤቶች ሊያያቸው ይችላል። በ2003 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመዘገበው በነጩ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ።

ሻሮን ከዚህ ሥራ አንድ ነገር አረጋገጡ። ቤቶችን አንድ በአንድ ከመሥራት ይልቅ ሰፈሩን በሙሉ አስቦ መሥራት ወጪ ይቀንሳል፤ ለነዋሪውም ይሻላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሰፈር ሳይሆን አገር በሙሉ ቢታሰብስ? የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ የሚመልሱበት ቀን ሩቅ አልነበረም።

ድንኳኑ ከእቅዱ ሲቀድም

በሜይ 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ በአገሪቱ ይኖሩ የነበሩት አይሁዶች ወደ 650,000 ገደማ ነበሩ። ከዚያ እስከ 1951 መጨረሻ ድረስ ወደ 690,000 የሚጠጉ አዲስ ገቢዎች ደረሱ። ከአውሮፓ የሞት ካምፕ የተረፉ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ፣ ከሮማንያ፣ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ እንግዳው ከባለቤቱ በልጦ ተገኘ።

እነዚህ ሰዎች የት ይደሩ? መጀመሪያ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት በጦርነቱ ምክንያት የሸሹ ወይም የተባረሩ አረቦች ጥለዋቸው በሄዱት ቤቶች፣ በያፎ፣ በሃይፋ፣ በራምላና በሎድ ገቡ። ባለቤቶቹ ተመልሰው እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተዘጋ ቁስል ነው። እነዚያ ቤቶች ሲሞሉ የሚቀጥሉት ወደ ካምፕ ተወሰዱ። በካምፖቹ ሰው ከጋራ ወጥ ቤት ይመገብ ነበር፤ ሥራ አልነበረውም። በሜይ 1950 የመጀመሪያው ማዓባራ፣ ማለትም የመሸጋገሪያ ሰፈር፣ ክሳሎን በተባለ ቦታ ተቋቋመ። ማዓባራ ድንኳን፣ የሸራ ቤትና የቆርቆሮ ጎጆ ነበር። በ1951 መጨረሻ ከ200,000 በላይ ሰው በማዓባሮት ይኖር ነበር። በክረምት ጎርፉ ድንኳኑን ይወስዳል፤ በበጋ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዳቪድ ቤን ጉሪዮን የአገሪቱን የእቅድ ክፍል እንዲያቋቁሙ ሻሮንን የጠሯቸው በዚህ ጊዜ ነው። ክፍሉ በ1948 በሥራና ኮንስትራክሽን ሚኒስቴር ሥር ተቋቁሞ፣ ቀጥሎ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። ሻሮን አርክቴክቶችን፣ መሐንዲሶችን፣ የኢኮኖሚና የእርሻ አዋቂዎችን በአንድነት ሰበሰቡ። ነገር ግን ጊዜው አልጠበቃቸውም። እነሱ ካርታውን ሲስሉ የጭነት መኪኖቹ ሰው ይዘው ይጓዙ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እቅድ የሌለው ችኮላ ነገ ሌላ ችግር እንደሚወልድ ሻሮን ያውቁ ነበር። ያለ ችኮላም ሰው በድንኳን ውስጥ በብርድ ይሞታል። ሥራቸው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር።

እቅዱ ምን ይል ነበር?

እንግሊዞች በ1936 ባወጡት የከተማ ፕላን ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ከተማና አውራጃ የራሱን ጉዳይ ብቻ ይመለከት ነበር። ደንቡ በዋናነት የሚቆጣጠረው ግንባታን ነው፤ ሰው ቤት ለመሥራት ሲጠይቅ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የት ይሠራ? ለማን ይሠራ? ለስንት ሰው ይሠራ? የሚለውን ለመላው አገር አስቀድሞ የሚያስብ አካል አልነበረም። በዚህም የተነሣ አብዛኛው ሰው ከቴል አቪቭ እስከ ሃይፋ ባለው ጠባብ የባሕር ዳርቻ ታጭቆ ይኖር ነበር። ኔጌቭ ግን የአገሪቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን ሆኖ ሳለ የሚኖርበት ሰው ጥቂት ነበር።

ሻሮን ይህን አሠራር ገለበጡት። በ1951 በመጽሐፍ መልክ የወጣው እቅዳቸው አገሪቱን በ24 ክልሎች ከፈለ። 2,650,000 ሰው ቢኖር እያንዳንዱ ክልል ስንቱን ይይዛል? ብሎ አሰላ። ለእርሻ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለመንገድ፣ ለደንና ለመናፈሻ፣ ለአዳዲስ ከተሞች ቦታ ለየ። የሰፈራውንም ደረጃ አወጣ። ከታች የገበሬ መንደር አለ። ከእሱ ቀጥሎ ለጥቂት መንደሮች የሚያገለግል የገጠር ማዕከል አለ። ከዚያ ከ6,000 እስከ 12,000 ሰው የሚይዝ ትንሽ ከተማ፣ ቀጥሎም ከ40,000 እስከ 60,000 ሰው የሚይዝ መካከለኛ ከተማ፣ በመጨረሻም ከ100,000 ሰው በላይ የሚይዝ ትልቅ ከተማ ይመጣል።

በከተማው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሰፈር ራሱን እንዲችል ታሰበ። መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁ፣ ክሊኒኩና ምኩራቡ ልጅ ትልቅ መንገድ ሳይሻገር በእግሩ የሚደርስባቸው እንዲሆኑ፣ በሰፈርና በሰፈር መካከልም አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር ተደረገ።

በዚህ መሠረት ቤር ሼቫ፣ አሽኬሎን፣ ቤት ሸአንና ኪርያት ሽሞና አዲስ ሕይወት እንዲኖራቸው ተወሰነ። ኪርያት ማላኺና ስዴሮት በ1951 በማዓባራነት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዲሞና፣ ኪርያት ጋት፣ ኦፋኪም፣ አሽዶድና ኔቲቮት በዚሁ ሐሳብ መሠረት ተቆረቆሩ።

ሕግ ሳይሆን የተሠራ እቅድ

የሚያስገርመው ነገር ይህ እቅድ በክኔሴት የጸደቀ ሕግ ሆኖ አያውቅም። ታዲያ እንዴት ተፈጻሚ ሆነ? መልሱ መሬቱና ገንዘቡ በማን እጅ ነበር በሚለው ላይ ነው። ከአገሪቱ መሬት ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በመንግሥትና በአገር አቀፍ ድርጅቶች እጅ ነበር። ለአዲስ ገቢዎች ቤት የሚሠራው መንግሥት ነው። ሰዎቹን ከወደብ ተቀብለው ወደ ሰፈራቸው የሚወስዱት መንግሥትና ሶኽኑት ናቸው። በ1949 የተቋቋመው አሚዳርም የተሠሩትን ቤቶች ማስተዳደር ጀመረ። መሬት፣ ገንዘብ፣ ግንበኛና ነዋሪ በአንድ እጅ ሲሆኑ፣ እቅድ ያለ ሕግም ይሠራል።

ቤቶቹ ትንንሾች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ቤተሰቡ አቅም ሲያገኝ ክፍል እንዲጨምርባቸው ታስቦ አጠገባቸው ቦታ ይተው ነበር። ንድፉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን መጀመር ይቻል ነበር። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኞቹ ማዓባሮት ተዘግተው ሰዎቹ ወደ ቋሚ ቤት ገቡ። እቅዱ ያሰላው 2,650,000 ሕዝብም በ1966 መጨረሻ ገደማ ተሞላ። ብዙ ሰው በድንኳን ውስጥ ለዘለዓለም እንዳይቀር ያደረገው ይህ አሠራር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያልተጠየቀው ነዋሪ

የአንድን ሰው ታሪክ ስንተርክ ጉድለቱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። የሻሮን እቅድ ትልቁ ጉድለት በካርታው ላይ ነጥብ የሆነው ሰው ምን እንደሚፈልግ አለመጠየቁ ነው።

የቆየው ነዋሪ ቴል አቪቭንና ሃይፋን ትቶ ወደ በረሃ አልሄደም፤ ማንም አላስገደደውም። ወደ አዳዲሶቹ ከተሞች የተወሰዱት ምርጫ ያልነበራቸው አዲስ ገቢዎች ናቸው። በተለይ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሞሮኮና ከሌሎች የሰሜን አፍሪካ አገሮች የመጡት ቤተሰቦች ከመርከብ ወርደው በቀጥታ በጭነት መኪና ወደ ኔጌቭና ወደ ገሊላ ተላኩ። ብዙዎቹ የት እንደሚሄዱ በትክክል አልተነገራቸውም። ሌሊት ደርሰው ባዶ ሜዳ ሲያዩ ከመኪናው አንወርድም ያሉም ነበሩ።

ሁለተኛው ጉድለት ሥራ ነው። በእቅዱ መሠረት ትንሹ ከተማ በዙሪያው ላሉት ገበሬዎች ገበያ ይሆናል ተብሎ ነበር። በጎንደር ወይም በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ገበሬው እህሉን ጭኖ ወደ ገበያው ከተማ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ገዝቶ ይመለሳል፤ ከተማውም በዚህ ይኖራል። በእስራኤል ግን እንዲህ አልሆነም። ኪቡጾችና ሞሻቮች የራሳቸው መደብር፣ የራሳቸው ትምህርት ቤትና የራሳቸው የሽያጭ ድርጅት ነበራቸው። ምርታቸውን የሚልኩት በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ነው። አዲሱ ከተማ በመካከላቸው ገበያ የሌለው ገበያተኛ ሆኖ ቀረ። ነዋሪው በመንገድ ሥራና በችግኝ ተከላ የዕለት ጉርሱን ሲያገኝ ቆየ፤ ፋብሪካ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛው የአየር ጠባዩ ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ሰፊ አረንጓዴ ቦታ መተው ዝናብ በሚበዛበት አውሮፓ ያምራል። በቤር ሼቫ ግን ውኃ ስላልነበረ አረንጓዴው ቦታ የአቧራ ሜዳ ሆነ። እናቶች ልጅ ታቅፈው በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። በኋላ የመጡ አርክቴክቶች ይህን አይተው በቤር ሼቫ ጥላ እንዲኖር ቤቶችን አጠጋግተው ሠሩ።

ሐኪም ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና የኢየሩሳሌም ግንብ

ሻሮን በ1953 የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ወደ ግል ቢሯቸው ተመለሱ። ከ1954 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከአርክቴክት ቢንያሚን ኢዴልሰን ጋር፣ ከዚያ በኋላም ከልጃቸው ከኤልዳር ሻሮን ጋር ሠሩ። ሁለቱ ሸሪኮች ከነደፏቸው ሐኪም ቤቶች አንዱ ዛሬ ሶሮካ የሚባለው የቤር ሼቫው ሐኪም ቤት ነው። ኔጌቭን በሰው ለመሙላት ያሰቡት ሰው ለዚያ ሰው መታከሚያም መንደፋቸው ተገቢ ነበር። በቤር ሼቫና በአካባቢው ከሚኖሩት የቤተ እስራኤል ልጆች ስንቶቹ በዚያ ሐኪም ቤት እንደተወለዱ ወላጆቻቸው ያውቃሉ። በ1962 ሻሮን በአርክቴክቸር የእስራኤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በናይጄሪያ የኢፌ ዩኒቨርሲቲን ነደፉ። በዚያ የቤር ሼቫውን ስሕተት አልደገሙም ለማለት ይቻላል፤ የአገሩን ፀሐይና ዝናብ አስቀድመው አጠኑ። አንዳንዶቹ ሕንፃዎች እንደተገለበጠ ፒራሚድ ወደ ላይ እየሰፉ ስለሚሄዱ፣ የላይኛው ፎቅ ለታችኛው ጥላ ይሆነዋል፤ ነፋሱም በመካከላቸው ያልፋል።

ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ የኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማና የዙሪያዋን ፕላን አዘጋጁ። ጥንታዊው ግንብ በአዳዲስ ሕንፃዎች እንዳይሸፈን በዙሪያው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ያደረገው ሐሳብ በዚህ እቅድ ውስጥ ይገኛል። በ1976 የሕይወታቸውንና የሥራቸውን ታሪክ ኪቡጽና ባውሃውስ የሚል ስም በሰጡት መጽሐፍ አወጡ። ርዕሱ ራሱ ከየት እንደተነሡና ምን እንደተማሩ ይናገራል።

ከእሳቸው በኋላ የመጣው

ሻሮን ከመንግሥት ሥራ ከወጡ በኋላ አገሪቱ ቀስ በቀስ እቅድን በሕግ አሠረች። በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ የእንግሊዞቹን የ1936 ደንብ ተክቶ ሦስት ደረጃ ያለው አሠራር አቆመ። ከላይ አገር አቀፉ ምክር ቤት፣ በመካከል የአውራጃ ኮሚቴ፣ ከታች የአካባቢ ኮሚቴ ተቋቋሙ። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። በሕጉ መሠረት አንድ እቅድ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይቀርባል፤ በእቅዱ እጎዳለሁ የሚል ሰውም በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። በሻሮን ጊዜ ያልተጠየቀው ነዋሪ በሕግ አፍ ተሰጠው ማለት ነው።

ይህ አሠራር ጥሩ ቢሆንም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በ1990ና በ1991 ከ370,000 የሚበልጡ አዲስ ገቢዎች፣ አብዛኞቹ ከሶቪየት ኅብረት፣ ሲገቡ፣ በሜይ 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ሲደርሱ፣ የ1948ቱ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ክኔሴት በ1990 ባወጣው ጊዜያዊ ሕግ የመኖሪያ ቤት እቅዶችን በአጭር ጊዜ የሚያጸድቁ ልዩ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ እስከ 1995 ሠርተዋል። በ1993 ደግሞ አዲስ ገቢዎችን ለመቀበል የተዘጋጀ አገር አቀፍ እቅድ ጸደቀ። ቤቶቹ እስኪያልቁ ድረስ ሰዎች በሆቴልና በካራቫን ሰፈር ቆዩ። ከትልልቆቹ የካራቫን ሰፈሮች አንዱ፣ ናሃል ቤካ፣ የነበረው በሻሮን ቤር ሼቫ ነው። በ1990ዎቹ ለቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የተሰጠው ልዩ ማሽካንታም በተዘረዘሩ ከተሞች ብቻ የሚያገለግል ነበር። ገንዘቡ የበቃው ቤት በረከሰባቸው ሰፈሮች ስለነበር፣ ብዙ ቤተሰብ በጥቂት ሰፈሮች ተከማቸ።

ከዚያ ወዲህም ሐሳቡ ተለዋውጧል። በ2005 የጸደቀው አገር አቀፍ እቅድ ሰውን ወደ ባዶ ሜዳ ከመበተን ይልቅ ባሉት ከተሞች ውስጥ እንዲሠራና ክፍት መሬት እንዲጠበቅ አዘዘ። በ2014 ደግሞ የቤት ዋጋ ስለናረ፣ ለብዙ ቤቶች የሚሆኑ እቅዶችን በፍጥነት የሚያጸድቅ ሌላ ልዩ ኮሚቴ በሕግ ተቋቋመ። ክርክሩ ግን ያው ነው። ፍጥነት ሲበዛ የነዋሪው ድምፅ ያንሳል፤ ምክክሩ ሲረዝም ቤት የሚጠብቀው ሰው ይጉላላል።

አርየ ሻሮን በጁላይ 1984 በፓሪስ ከተማ በሰማንያ አራት ዓመታቸው አረፉ። ከአራት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር፣ የሙሴ ዘመቻ ተጀመረ፤ በሱዳን በረሃ ተጉዘው የተረፉ ቤተሰቦች እዚህ ደረሱ። ከእነሱ ብዙዎቹ ቀድሞ በመርካዝ ክሊታ፣ ቀጥሎም በቋሚ ቤት የተቀመጡት ከሠላሳ ዓመት በፊት በሻሮን ካርታ ላይ ነጥብ ሆነው በተሳሉት ከተሞች ነው።

አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከእኚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። አንደኛው፣ ቤት በብዛት እንዲሠራ ከተፈለገ መሬቱ፣ ገንዘቡና እቅዱ ሰው ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት አለባቸው። ሁለተኛው፣ ከቤቱ ጋር ሥራና ትምህርት ቤት ካልመጡ ቤቱ ብቻውን ቤተሰብ አያሳድግም። እቅድ የሚያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎችም ይሳሳታሉ። ስለዚህ በማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሰፈራችሁ አዲስ እቅድ እንደወጣ ስትሰሙ፣ ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጃችሁን ወይም የሠፈሩን ማኅበራዊ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርታውን አስከፍታችሁ ትምህርት ቤቱ የት ነው? አውቶቡሱ በየት ያልፋል? ብላችሁ ጠይቁ። በ1950 በማዓባራ ለነበሩት ሰዎች ይህ ዕድል አልነበራቸውም።